ሰውዬሽ የጠገነው ጉሮሮ

ለእህቴ ልጅ፣ ለቡሎኔ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ፈተናው እንቅልፍ ይሰጥሻል? አንገትሽን ደፍተሽ ስታነቢ ጀርባሽን እንዳያምሽ ወንበርሽን ከፍ አድርጊው። ከፍ አልል ካለሽ መጽሐፍ ደርበሽ ተቀመጪበት፤ መጀመሪያ ያነበብሽው መጽሐፍ ይሁን እንጂ። ደግሞ «ይህን ሁሉ ተምሬ አሁንም ቡሎኔ ይለኛል» ብለሽ እንዳታኮርፊ። የጎሚስታ ቤቴ ወለል ላይ ቡሎን ስትለቅሚ ያወጣሁልሽን ስም ዲግሪ አይሰርዘውም።

እኔ እንደ ወጉ «ይመስገነው፣ ደህና ነኝ» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ምን ዋጋ አለው? ትኩሳቴ ስንት እንደሆነ ከእኔ ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሰውዬሽ በየቀኑ ሥራውን ሲጨርስ የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይደውልልሻል፤ ድምፁ በበሩ ስር ይገባል። «ዛሬ ደህና ነው፣ ዛሬ ፊቱ ጥሩ ነው» ሲልሽ እሰማለሁ። ፊቴ ጥሩ እንደሆነ ከማን ሰማሽ? ከእሱ። ስለ ገዛ ጉሮሮዬ ወሬ ለአንቺ ማድረስ እንኳን ተራው የእኔ አይደለም።

ስልክ እያለኝ ደብዳቤ መጻፌ አያስደንግጥሽ። በአፍንጫዬ ቱቦ ገብቶ እስከ ደረቴ ወርዷል። ሰውዬሽም «ብዙ አያውሩ» ብሎኛል። ለእኔ ደግሞ ትንሽ ማውራት የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ ወይ አወራለሁ ወይ እሞታለሁ። ስለዚህ ከሲስተሯ ወረቀት ለምኜ፣ ትራሴን ከጀርባዬ አስደግፌ እጽፋለሁ። ሲደክመኝ አቆማለሁ፣ ሲሻለኝ እቀጥላለሁ። ጽሑፌ አንዳንድ ቦታ ላይ ቢንጋደድ አልጋው ነው።

አንድ ጥያቄ ጠይቀሽኝ መልስ ሳታገኚ ቀርተሻል። «አጎቴ፣ ላገባው ነው። እንደ አባቴ ሆነህ ሽማግሌዎቹን ትቀበልልኛለህ?» ነው ያልሽው። አልረሳሁትም። መልሴ እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ስላለ ታግሰሽ አንብቢ። ዘለሽ መጨረሻውን ብታዪ አውቅብሻለሁ፤ ልጅ ሆነሽም ተረት ስነግርሽ «መጨረሻው ምንድን ነው?» እያልሽ ታበላሺብኝ ነበር።

ያን እሁድ ስልክሽ ሲመጣ ምሳ እየበላሁ ነበር። ዓሣ ጠብሼ፣ ሬዲዮ ከፍቼ፣ የሥራ ልብሴን አውልቄ እንደ ጌታ ተቀምጫለሁ። ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሃል ሰክቼ ነው ያናገርኩሽ። ያን ጥያቄ ጠየቅሽኝ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ይህ ኔትዎርክ የሚባለው ነገር ቁም ነገር ሲነሣ ነው የሚጠፋው።

ያን ጊዜ ነው የዓሣ አጥንት የዋጥኩት። መጀመሪያ መርፌ የወጋኝ መሰለኝ። ዳቦ ብገፋበት ይወርዳል ብዬ ገፋሁበት። አልወርድ ሲል ጨመርኩበት። ሐኪም ቤት መሄድ ሲገባኝ ግማሽ ዳቦ ጨረስኩና ተኛሁ። በማግስቱ ደረቴ እሳት ሆነ፤ አንገቴ አበጠ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የሱቄ መዝጊያ አለመከፈቱን አይታ መጣች። አንገቴን ብትነካው ቆዳዬ ከውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። አየር ነው አሉኝ በኋላ፤ ከተቀደደው የምግብ ቧንቧዬ ሾልኮ ከቆዳዬ ስር ገብቶ ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ጎማ ውስጥ አየር ስሞላ ኖሬ፣ በመጨረሻ ራሴ ተሞላሁ።

ሴትዮዋ ጎረቤቱን ሁሉ ቀስቅሳ ታክሲ ውስጥ ከተተችኝ። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ያለ ቢላዋ፣ በአፍ በኩል ካሜራ አስገብቶ የሚያክም አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው ተባለና ወደዚያ ወሰዱኝ። በሩ ተከፈተ። ማን ገባ? ፎቶውን ልከሽልኝ «አላየሁትም፣ መነጽሬ ጠፍቶብኛል» ያልኩሽ ሰው ገባ።

መነጽሬ አልጠፋም ነበር፤ ወዲያው ነው ያወቅኩት። ረጅም ነው፤ እንዲህ መርዘሙ አያስፈልግም ነበር። ጆሮው ወጣ ያለ ነው። ፎቶው ላይ ጆሮው እንዳይታይ ወደ ጎን እንዲዞር ያደረግሽው አንቺ ነሽ አይደል? እሱም እኔን አወቀኝ። ግን አንድም ቃል ስለ አንቺ አልተናገረም። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና መጠየቅ ጀመረ። የት ያምዎታል? መቼ ጀመረ? እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ አልኩት። ሲጽፍበት የነበረው እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብሎ ትንሽ አየኝ። ከዚያ፣ አጥንቱ ሲገባ ምን እያደረጉ ነበር አለኝ። «እየሳቅኩ ነበር» አልኩት። «እየሳቁ» ብሎ ጻፈ።

ካሜራውን አስገብቶ አጥንቱን ካወጣ በኋላ፣ ስነቃ አልጋዬ ጎን ተቀምጦ አስረዳኝ። ቀዳዳው ከልቤ ጀርባ ነው። ከቀዳዳው ውጭ ደግሞ ምግብና ምራቅ ተጠራቅሞ መግል የያዘ ኪስ ተፈጥሯል። ያ ዳቦ ነው፤ የእኔ ጥበብ። እንግዲህ ምን ትጠብቃለህ፣ ልጣፍ ለጥፍበትና ወደ ሥራዬ ልሂድ አልኩት። ሳቅ ሳይል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እርስዎ ሳያጸዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሳይፍቁ ጎማ ላይ ልጣፍ ይለጥፋሉ እንዴ አለኝ።

ቡሎኔ፣ ከቁስሉ በላይ ያመመኝ ያ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን ከየት አመጣው? ሐኪም ስለ ብርጭቆ ወረቀት ምን አገባው? አንቺ ነሽ የነገርሽው። ማታ ማታ በስልክ የእኔን ሱቅ፣ የእኔን ሙጫ፣ ጎማ ነክሬ አረፋ የማይበትን ገንዳዬን አንድ በአንድ ስትዘረዝሪለት ታየኝ። እኔ ስለ እሱ ጆሮው እንኳን አልተነገረኝም፤ እሱ ግን እንዴት እንደምፍቅ ያውቃል።

ያን ቀን ትራሴ ላይ ተጋድሜ ምን ያህል እንደነገርሽው ማስላት ጀመርኩ። ለትምህርት ስሸኝሽ ባቡር ጣቢያው ላይ ያለቀስኩትን ነግረሽው ይሆን? ሪባን ማሰር ስለማልችል ፀጉርሽን በጎማ ማሰሪያ አስሬ ትምህርት ቤት መላኬን? ትንገረው፣ አልኩ። አንድ ነገር ግን ለማንም አትነግርም ብዬ ተጽናናሁ። ወድቀሽ እያለቀስሽ ስትመጪ እግርሽን ገንዳው ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ቀዳዳ እንደምፈልግ፣ «አረፋ የለም፤ አልተቀደድሽም፤ ተነሺ» እንደምልሽ። ያ የሁለታችን ብቻ ነው። እናትሽ እንኳን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አታውቀውም ነበር።

እዚህ ላይ ሲስተሯ መብራት ልታጠፋ ስለመጣች አቁሜ ነበር። ዛሬ እቀጥላለሁ።

ሕክምናው እንዲህ ነው። ትንሽ ስፖንጅ በካሜራው እያየ በቀዳዳው በኩል አሳልፎ ኪሱ ውስጥ ያስቀምጣል። ስፖንጁ በቱቦ ተያይዞ በአፍንጫዬ ይወጣና አልጋዬ ስር ካለች ማሽን ጋር ይገናኛል። ማሽኗ ቀን ከሌት ትስባለች፤ መግሉን ትጠጣለች፣ የኪሱንም ግድግዳ ታጠጋጋለች። የተሳበው ሁሉ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ይጠራቀማል። ጥቂት ቀን ሲቆይ ስፖንጁን ያወጣና በትንሽ ስፖንጅ ይተካል። ሥጋ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሞላል፣ ቀዳዳው ይጠባል። እኔ ደግሞ አንዲት ጠብታ ውሃ እንኳን በአፌ እንዳላስገባ ተከልክያለሁ። ምግቤ በሌላ ቀጭን ቱቦ ቁልቁል ይፈስሳል። ጣዕም የለውም፤ ቢኖረውም ምላሴን አያገኘውም።

አንዳንድ ጊዜ ማሽኗ መሳቧን ታቆምና ትጮኻለች። ሁሉም ሰው ይሮጣል። ከሁሉም ቀድሞ የሚደርሰው ግን እሱ ነው። ያ ያናድደኛል። አንድ ቀን እንኳን ዘግይቶ ቢመጣ ምን ነበረበት? ዘግይቶ ቢመጣ «ይኸው፣ ለእኔ ያልደረሰ ለአንቺ ይደርሳል?» ብዬ የምጽፍልሽ ነገር ባገኘሁ ነበር። በየቀኑ እንከን እፈልግበታለሁ። እጁን ይታጠባል። ሲስተሮቹን አይቆጣም። ጫማው ግን ይጮኻል። እስካሁን ያገኘሁት ያን ብቻ ነው፤ ጫማው ይጮኻል።

የሰፈራችንም ሰው ከድቶኛል። ልብስ ሰፊዋን ታስታውሻታለሽ፤ አንዲት ሱሪ እንድታጠብብልኝ ሁለት ወር ያስለመነችኝ ሴት። ልትጠይቀኝ መጥታ እሱ ሲገባ የነጭ ጋዎኑ ቁልፍ መንጠልጠሉን አየች። እዚያው መርፌና ክር ከቦርሳዋ አወጣች። «ቁም እስቲ ልጄ» አለችው፤ ቆመላት፤ በጥርሷ ክሩን በጠሰችለት። የእኔ ሱሪ ዛሬም ሰፊ ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞራ «እንዴት ያለ እጅ አለው በማርያም» አለችኝ። የእኔ እጅስ? አልኳት። ያንተ እጅ ጥቁር ነው አለችኝ። የሙጫ ነው፣ የጎማ ነው ብላት ማን ይሰማል።

አሁን የምጽፍልሽን እሱ እንዳልነገረሽ አውቃለሁ፤ ያንንም ነው የምነግርሽ።

ሦስተኛው ስፖንጅ ከገባ በኋላ ሰውዬሽ በጣም ተደስቶ ነበር። ኪሱ ጠቧል፣ በቅርቡ እንዘጋዋለን አለ። ደስታው አላማረኝም። እኔ በሙያዬ «ተዘጋ» የሚባል ነገር አላምንም፤ ገንዳ ውስጥ ነክሬ ካላየሁ ጎማ አላስረክብም። ለማን እንደማስረክብሽ ሳስብ ደግሞ የበለጠ አላመንኩም። ልብስ ሰፊዋ የሻይ ፔርሙሷን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ወጥታለች። ቀይ ሻይ ነው፣ ስኳሩ እንደ ልማዷ ነው። አንድ ሲኒ ቀዳሁ። እስቲ የሰውዬሽን ልጣፍ ልፈትነው አልኩና ጠጣሁት።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ሻዩ ጣፋጭ ነበር። ሲያፈስም ጣፋጭ ነበር። ያን ቀዳዳ እንደ ወንፊት አግኝቼው «ሥራው አይይዝም» ብዬ ልጽፍልሽ ቃሉን በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር።

ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የጠጣሁት ሻይ በቀዳዳው ወጣ፣ ስፖንጁ ጠጣው፣ ማሽኗ ሳበችው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ቀይ ሆኖ ተጠራቀመ። ከዓይኔ ፊት። እኔ የማውቀው ገንዳ አረፋ ያሳያል፤ ይህኛው ግን ሌባውን ነው የሚያሳየው። ደረቴን ጨመቀኝ። ሲስተሯ ገብታ ጠርሙሱን ስታይ ደም መሰላት፤ ፊቷ ዓመድ ሆነ፣ ሰው ጠራች። ሐኪሞቹ፣ ሲስተሮቹ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር አልጋዬን ከበቡት። ሰውዬሽ ሰው ገፍቶ ደረሰ፤ ጫማው ሲጮህ ሰምቻለሁ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሣው። ክዳኑን ከፈተ። አሸተተው። ፔርሙሱን አየ። እኔን አየኝ።

ደም አይደለም አላቸው፤ እኔ እይዘዋለሁ፣ ስፖንጁን ዛሬውኑ እንቀይረዋለን። ሁሉም ወጡ። በሩን ዘጋና አልጋዬ ላይ ተቀመጠ። ስኳሩ በዛ አለኝ መጀመሪያ። ልስቅ ነበር። ከዚያ ድምፁ ተቀየረ፤ ስለ አንቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣውም ያን ጊዜ ነው።

«ሊፈትኑኝ ይችላሉ፤ መብትዎ ነው» አለኝ። «ግን በደረትዎ አይሁን። እርስዎ እጄ ላይ ከሞቱ፣ እሷ ሁለታችንንም ነው የምታጣው።»

ወረቀቱን ስቤ «አትንገራት» ብዬ ጻፍኩለት። አነበበው፣ አጣጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ወጥቶም ኮሪደሩ ላይ ደወለልሽ። ጆሮዬን ወደ በሩ ጣልኩ። «ዛሬ ትንሽ ደከም ብሎታል፣ ግን ደህና ነው» አለሽ። አለቀ። ቢያሳጣኝ ኖሮ እኮ እድን ነበር፤ የምጠላበት ነገር አገኝ ነበር። ያንንም ነፈገኝ። ኩርፊያዬን ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ቅናት መጥፎ ነው ይላሉ፤ ከሁሉ የከፋው ግን የሚያስቀናው ሰው ጥሩ ሲሆን ነው።

ትኩሳቱ ተመለሰ። ጥቂት ቀን ጠፋሁ፤ ስለዚያ ጊዜ የማስታውሰው ማሽኗን ብቻ ነው፣ እና የሚጮኸውን ጫማ። ብነቃም ብተኛም ጫማው አለ። ስፖንጁን እንደገና ከትልቁ ጀመረ። በእኔ አንዲት ሲኒ ሻይ ምክንያት ያን ያህል ሥራው ሲበላሽ ፊቱ ላይ ቅሬታ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። እኔ ብሆን ኖሮ፣ የጠገንኩትን ጎማ ሰው ሆን ብሎ በሚስማር ቢወጋብኝ፣ የጎማ መፍቻ ብረቴን ይዤ አባርረው ነበር።

ደግሞ አንድ የገረመኝን ልንገርሽ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቀለለኝ። አንቺ የማታውቂው፣ እኔና እሱ ብቻ የምናውቀው ነገር አገኘን። ሲገባ ፔርሙሱን ያያል፣ እኔም አያለሁ። ልብስ ሰፊዋ «ምን ያስተያያችኋል?» ትላለች። ያን ምስጢር ለራሴ ላስቀረው አስቤ ነበር። ይኸው ነገርኩሽ፤ ምን ላድርግ፣ ወሬ ለአንቺ ቀድሞ የማድረስ አመል አለብኝ።

ዛሬ ሕክምናው ያለቀበት ቀን ነው፤ ቱቦው ወጥቷል፣ በሁለት ቀዳዳ እየተነፈስኩ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ኪሱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ፣ የቀረችውን ትንሽ ቀዳዳ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ባለች ጢኒጥ ብረት ቆንጥጦ ዘጋት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወደ ራጅ ክፍሉ ወሰዱኝ። ቆሜ እንደ ኖራ ውሃ ያለ ነገር ልውጥ ነው። የሚያፈስ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ወደ ጎን ሲሾልክ ይታያል። ገንዳው ይኸው ነው እንግዲህ፤ የእሱ ገንዳ።

ኩባያውን ሊሰጠኝ አንሥቶ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው። እኔ ነኝ ያየሁት፤ ሌላ ማንም አላየም። ያን ጊዜ ነው ፈተናው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ያን ሁሉ ቀን ያቃጠለኝ ሰው እኔን ፈርቶ ነበር። ኧረ እኔን ሳይሆን የአንቺን ፊት። ዋጥኩ። ስክሪኑን ለማየት አንገቴን ማዞር አልደፈርኩም፤ እሱን ነው ያየሁት። ዓይኑ ከላይ ወደ ታች ተከተለ፤ አንገቴ ጋ፣ ደረቴ ጋ፣ ከልቤ ጀርባ፣ ከዚያ ቁልቁል። አንዴ ደግመው ይዋጡ አለኝ። ደግሜ ዋጥኩ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ «አረፋ የለም» አለኝ። «አልተቀደዱም፤ ይነሡ።»

ቡሎኔ፣ ያንንም ነገርሽው።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ያን ነገር ለማንም አትነግርም ያልኩት ሞኝ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው የሚነግረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ትከሻውን ያዝኩት፤ ለመያዝ ጣቶቼን ዘርግቼ ተንጠራራሁ፣ እንዲህ መርዘሙ አያስፈልግም ነበር ብዬሽ የለ። ጫማህን ዘይት ቀባው፣ ይጮኻል አልኩት። እሺ አጎቴ አለኝ። ማን አጎቴ በለኝ አለው? ማንም። ግን አላረምኩትም።

ከነገ ወዲያ ቤት እገባለሁ። ለጊዜው ለስላሳ ነገር ብቻ ነው የምበላው፤ ዳቦን እንደ ቀድሞ ጠላት ነው የማየው። ልብስ ሰፊዋ ሱሪዬን እንድታጠብብልኝ ልጁን አማላጅ ልኬባታለሁ፤ ለእሱ እምቢ እንደማትል እናውቃለን። በጣም ስለከሳሁ አንድ ሱሪ ለሁለታችን ይበቃ ነበር፣ ቁመቱ ባይበልጠኝ።

መልሱን እዚህ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። ሐሳቤን ቀየርኩ፤ በወረቀት የሚሰጥ መልስ አይደለም። በሚመጣው እሁድ ምሳ ሰዓት ላይ ደውዪልኝ። ልጃችን ወደ ቤት ይመጣል፣ ጎኔ ይቀመጣል፤ ዓሣ አይኖርም። ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ድምፅሽ፣ እንደገና ጠይቂኝ። መስመሩ አይቆረጥም። ያን ቀንም ኔትዎርኩ ደህና ነበር።

እስከዚያው አምላክ ከክፉ ይሸፍንሽ። ፈተናሽን በድል ተወጪ፣ እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይቅናሽ፣ እናትሽ ያላየችውን ደስታ አንቺ እዪላት። ስትበዪ ቀስ ብለሽ አኝኪ። ምን እያደረግህ ነበር ብለሽ ደግሞ አትጠይቂኝ፤ እየሳቅኩ ነበር፣ ሐኪሜ ጽፎታል።

አፉን ባዶ አድርጎ ስልክሽን የሚጠብቅ፣
አጎትሽ